ሪል ዱ ፓንዱን በጆሮ መማር፦ የሞንትሪያሉ የሁለት ቀን የቫዮሊን ሥልጠና

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ቫዮሊን የሚይዝ ሰው፣ በተለይ እንደ እኔ ከኖታ ላይ እያነበበ መጫወት የለመደ፣ ይህን ሥልጠና ቢወስድ ገንዘቡም ጊዜውም አይቆጨውም። ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት አዳራሽ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት የሚሰጥ የኬቤክ ባህላዊ ቫዮሊን ትምህርት ነው። ቅዳሜና እሁድ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ይቆያል። ዋጋው 140 የካናዳ ዶላር ሲሆን የቅዳሜ ምሳና ማታ የሚደረገው የጭፈራ ምሽት በዚያው ሒሳብ ውስጥ ነው።

የሚማሩት አንድ ዜማ ብቻ ነው፦ ሪል ዱ ፓንዱ፣ የተሰቀለው ሰው ሪል። ሪል ማለት ፈጣን የጭፈራ ዜማ ነው። ለአንድ የጭፈራ ዜማ ሁለት ቀን ሙሉ መክፈል ብዙ የሚመስለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፤ ባለቤቴም መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። መልሴ ዜማው ብቻውን እንደማይመጣ ነው። ቅኝቱ፣ እግሩ፣ ተረቱና የሚጨፈርበት ወለል ካልተከተሉት ፍጥነት ብቻ ነው የሚቀረው፤ በፍጥነት ብቻ የሚጫወቱትን ደግሞ በየመንገዱ እንሰማቸዋለን።

እኔ አዲስ አበባ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቫዮሊን ተምሬ ነው የመጣሁት። አሁን ኮት ዴ ኔዥ ሰፈር ለሐበሻ ልጆችም ለሌሎችም አስተምራለሁ። እዚህ የተወለዱት ልጆች በትምህርት ቤታቸው በዓል ላይ የሰሙትን የኬቤክ ዜማ እያንጎራጎሩ ይመጡና «ቲቸር፣ እሱን አስተምሪን» ይሉኛል። ኖታውን ከኢንተርኔት አውርጄ ማስጠናት ይቻላል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ዜማና አዳራሽ ውስጥ የምሰማው አንድ አልሆን ስላለኝ፣ ልጆቹም የተወለዱበት አገር ዜማ ስለሆነ በደንብ ይድረሳቸው ብዬ ተመዘገብኩ።

መምህራችን በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያሉ፣ ከሞንትሪያል በስተሰሜን ከላኖዲዬር የመጡ ሰው ናቸው። ላኖዲዬር በዘፈንና በቫዮሊን የታወቀ አገር ነው፤ የኬቤክን ባህላዊ ሙዚቃ ዓለም መድረክ ላይ ካወጡት ቡድኖች ዋነኛው ላ ቦቲን ሱሪያንት በ1976 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) የተመሠረተው እዚያው ዦሊዬት ከተማ ነው። ሰውየው ገብተው ሰላምታ ሰጡን፣ ስለ ታሪክ አንድ ቃል ሳይናገሩ «በሉ፣ ቅኝታችሁን አፍርሱት» አሉን።

የቫዮሊን መደበኛ ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ነው። ለዚህ ዜማ ሶሉ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ላ ይሆናል። ሬውም እንዲሁ በአንድ ሙሉ ድምፅ ወጥቶ ሚ ይሆናል። ሦስተኛው ክር፣ ላው፣ ከቦታው አይነቃነቅም። ቀጭኑ ሚ ደግሞ በአንድ ድምፅ ተኩል ወርዶ ዶ ዲየዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ዶ) ላይ ያርፋል። ጣት ሳያሳርፉ ቀስቱን በአራቱም ላይ ቢያሳልፉት የላ ሜጀር ኮርድ ይወጣል። ክራር መቺ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ክሮቹን እንደሚያቃና ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። በክላሲክ ቫዮሊን ያደገ ሰው ግን መቃኛውን ሲያዞር እጁ ይፈራል።

ፍርሃቱም መሠረት አለው። ሁለቱ ወፍራም ክሮች ሲጠብቁ ብሪጁን፣ ክሮቹን ከሥር የሚደግፈውን ስስ እንጨት፣ ከላይ በኩል ወደ ጣት መደገፊያው ይጎትቱታል። ካልተቃና ይወድቃል፤ ሲወድቅም የቫዮሊኑን ሆድ ሊያቆስል ይችላል። መምህሩ በየወንበሩ እየዞሩ፣ ቫዮሊኑን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው፣ የብሪጁን ጫፍ በሁለት እጃቸው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ቆንጠጥ አድርገው ወደ ኋላ ይመልሱታል። ከዚያ ከጎን በኩል አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዩታል። ለእያንዳንዳችን ይህን አደረጉ፤ አንድም ሰው አልዘለሉም። ከፊቴ የተቀመጠው ወጣት ክር ሲበጠስ ከቦርሳቸው አዲስ አውጥተው ራሳቸው አሰሩለት፤ ገንዘብም አልተቀበሉም። ክሮቹን የሚያወጡት ባንዴ አይደለም፤ ትንሽ ወጣ አድርገው ያሳርፉታል፣ ሌላውን ይነካሉ፣ ተመልሰው ይመጣሉ። ማለዳው በሙሉ በዚህ አለፈ፤ አላጉረመረምኩም፣ ምክንያቱም በመጨረሻ ቀስቴን ሳሳርፍ የገዛ ቫዮሊኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ መለሰልኝ። ያልነካኋቸው ክሮች ሁሉ ከነካሁት ጋር አብረው ይንቀጠቀጣሉ፤ ሣጥኑ ደረቴ ላይ ይሰማኛል።

በዚህ ቅኝት የሚጫወቱት ኬቤኮች ብቻ አይደሉም። በአሜሪካ አፓላቺያ ተራሮች ያሉ ቫዮሊን ተጫዋቾችም ያውቁታል፤ እነሱ ካሊኮ ይሉታል። በኬቤክ ግን ይህ ቅኝት ሲነሳ ሰዉ መጀመሪያ የሚያስበው የተሰቀለውን ሰው ነው።

ተረቱን መምህሩ የነገሩን ሁላችንም ተቃኝተን ከተቀመጥን በኋላ ነው። ቫዮሊኑን እንደ ጊታር ጭናቸው ላይ አጋድመው ያዙት። ሞት የተፈረደበት አንድ እስረኛ ነበር። ገመዱ ተዘጋጅቷል፣ ሰዉ ተሰብስቧል። ጠባቂዎቹ ሊሳለቁበት አንድ አሮጌ ቫዮሊን አመጡና «አንድ ዜማ ከተጫወትክልን ነፃ ትወጣለህ» አሉት። ሰውየው ቫዮሊን በእጁ ይዞ አያውቅም። ቫዮሊኑም ቅኝቱ የተዛባ ነው። እዚህ ላይ መምህሩ ዝም አሉና በግራ እጃቸው ጣት አንዱን ክር ቆነጠጡት። ከዚያ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛውን። ጥቂት ደገሙት። ቀስቱን አነሱ፣ ሁለት ክር በአንድ ላይ ሳቡ፣ አንድ ጣት ጨመሩ፣ ሌላ ጣት ጨመሩ፣ እያለም ሪሉ ሙሉ ሆኖ አዳራሹን ሞላው። እስረኛው ነፃ ወጣ።

ታሪኩ ከተናጋሪ ተናጋሪ ይለያያል። የማይለወጠው የተዛባው ቫዮሊንና ከእርሱ የወጣው ዜማ ነው። እኔ ከዚህ ሥልጠና ይዤው የወጣሁት ትልቁ ነገርም ይኸው ነው፦ ተረቱ የዜማው ጌጥ አይደለም፤ የዜማው አሠራር መመሪያ ነው። ሪል አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል ያለው ነው፦ ዝቅ ያለው ይደገማል፣ ከፍ ያለው ይደገማል፣ ተመልሶ ይጀመራል። ሪል ዱ ፓንዱ ግን ከሁለት በላይ ክፍሎች አሉት። ክፍሎቹም ከባዶ ክሮች፣ ጣት ካላረፈባቸው፣ እየተነሱ አንድ ሰው መሣሪያውን ገና እየመረመረ እንዳለ ዓይነት ይሰፋሉ። በግራ እጅ ክር መቆንጠጡም እዚህ ዜማ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ በኖታ ላይ የጣት ቁጥር ብሎ የሚያየው ተማሪ ያጠናዋል እንጂ አይረዳውም። ተረቱን የሰማ ተማሪ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ለምን ቸኩሎ መጫወት እንደሌለበት ማንም ሳይነግረው ያውቃል፦ ሰውየው ገና እየፈለገ ነው።

በአንድ ነገር ከአዘጋጆቹ ጋር አልስማማም። በመግቢያው የሚታደለው ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት ተረቱን እንደ ደረሰ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። ይህ የቃል ታሪክ ነው፤ የቃል ታሪክ መሆኑ ክብሩን አይቀንሰውም፣ ግን በስሙ ይጠራ። መምህሩ ራሳቸው ሲናገሩ ጠንቃቃ ነበሩ፤ ከተረቱ አጠገብ ሌላ አስቀመጡልን። በስኮትላንድ ባንፍ በምትባል ከተማ በ1700 ጄምስ ማክፈርሰን የተባለ ሽፍታ በስቅላት ተቀጥቷል፤ እዚያም የሕዝቡ ወግ ከመሞቱ በፊት ቫዮሊኑን ተጫውቶ እንደሰበረው ይናገራል። ስቅላቱ የታወቀ ታሪክ ነው፤ ቫዮሊኑ ወግ ነው። ቫዮሊንና መስቀያ ገመድ አብረው የሚነሱበት ወግ ውቅያኖሱን ማዶ ለማዶ የሚያገናኝ መሆኑን በዚህ ማሳየት ይበቃ ነበር። ወረቀቱን ያዘጋጁት ሰዎች መምህሩን ቢያማክሩ ጥሩ ነው።

ከሰዓት በኋላ እግር ተማርን። ለእኔ ከቅኝቱ ይልቅ የከበደኝ ይህ ነው። የኬቤክ ቫዮሊን ተጫዋች ተቀምጦ ይጫወታል፣ ሁለት እግሮቹም ይሠራሉ፤ ተረከዝና የጫማ ጫፍ እየተፈራረቁ እንደ ፈረስ ግልቢያ ያለ ምት ያወጣሉ። ከበሮ የሚመታ ሰው አያስፈልገውም። ከወንበሩ ሥር የሚያደርገው ስስ የእንጨት ሰሌዳ ነው፤ የጫማው ሶል ደግሞ ደረቅ መሆን አለበት። እኔ በስፖርት ጫማ ነው የሄድኩት፤ መልእክታቸው ላይ ስለ ጫማ ያሉት ነገር አልነበረም፤ ይህን ሊያስተካክሉት ይገባል። አዳራሹ ውስጥ ካሉት አሮጌ ጫማዎች አንድ አዋሱኝ። መምህሩ መጀመሪያ ቫዮሊኑን አስቀምጡ አሉን። እጃችንን ጭናችን ላይ አድርገን እግር ብቻ፣ ከዚያ እግርና አንደበት፣ ዜማውን እያንጎራጎርን። ቀስት ያነሳነው ሻይ ከተጠጣ በኋላ ነው። እግሩ ሲያዝ ቀስቱ ራሱ ይለወጣል፤ ረጅም ሆኖ የሚለሰልሰው የትምህርት ቤት ቀስቴ እየቀነሰ፣ መሃሉ ላይ እየበረታ መጣ። አንዲት ተማሪ እግሯ አልታዘዝ ብሏት ልታለቅስ ስትል መምህሩ አጠገቧ ተቀምጠው እግራቸውን ከእግሯ ጎን አድርገው፣ ምንም ሳይናገሩ፣ እስክትገባበት ድረስ አብረዋት መቱ። ብዙ አስተማሪ አይቻለሁ፤ ዝም ብሎ ማስተማር የሚችል ጥቂት ነው።

ስለ ዜማው ታሪካዊ ጀርባ የተሰጠው ገለጻ አጭር ቢሆንም ፍሬ ነበረው። ሪል ከፈረንሳይ አልመጣም። ፈረንሳዮች ወደ ኑቬል ፍራንስ፣ ያኔ ወደነበረችው የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛታቸው፣ ይዘው የመጡት የራሳቸውን ዘፈኖችና ጭፈራዎች ነበር፤ በኋላም ኮቲዮንና ካድሪል የተባሉት የጥንዶች ጭፈራዎች ተከትለው መጡ። በ1759 እንግሊዝ ኬቤክ ከተማን ስትይዝ ከጦሩ ጋር የስኮትላንድ ደጋማ ሰዎች ክፍለ ጦር፣ የፍሬዘር ሃይላንደርስ፣ ነበር። ከወታደሮቹ አንዳንዶቹ እዚያው ቀርተው የአገሩን ሴቶች አገቡ፤ ልጆቻቸው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ሆኑ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ አይሪሾች መጡ፤ በተለይ በ1847 በረሃቡ ዘመን መርከብ ሙሉ ሕዝብ ግሮስ ኢል ደሴት ላይ አርፏል፤ ብዙዎቹም እዚያው ሞተዋል። ከሁለቱ ወገን ሪሎች ወደ ኬቤክ መንደሮች ገቡ። የገበሬው ማእድ ቤት ውስጥ፣ ክረምቱ በረዘመበት፣ አንድ ቫዮሊንና ሁለት እግር ይዘው ሌላ መልክ ያዙ። አንዳንዱ ዜማ ምት ይጎድለዋል ወይም ይተርፈዋል፤ ጨፋሪው ግን ይለምደዋል።

ካህናቱ ይህን ሁሉ በበጎ አላዩትም። ጭፈራ ኃጢአት ነው የሚል ስብከት ለትውልዶች ሲሰማ ኖሯል፤ ቫዮሊን ይዞ ማደርም የዲያብሎስ ሥራ የሚባልበት ጊዜ ነበር። ይህን የሰማነው በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ተቀምጠን መሆኑን መምህሩ በፈገግታ አስታወሱን፤ ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሹን በደስታ ያከራያል።

ከዚያ የሰው ስም መጣ፤ እኔም ጆሮዬን ያቆምኩት እዚህ ላይ ነው። ሪል ዱ ፓንዱን ብዙ ሰው የሚያውቀው በዣን ካሪኛን እጅ ነው። ካሪኛን በ1916 ሌቪ ከተማ ተወለደ፤ ሌቪ ከኬቤክ ከተማ ማዶ፣ የሴንት ሎውረንስ ወንዝ ዳር ያለች ናት። በልጅነቱ የተማረው በ1873 ከተወለደው ከታላቁ ዦዜፍ አላር ነው። አላር በ1920ዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ያስቀረጸ፣ በስሙ እስከ ዛሬ የሚምሉበት ተጫዋች ነው። ካሪኛን ከአላር የተቀበለው ሳይበቃው የአየርላንዱን ማይክል ኮልማንና የስኮትላንዱን ጄምስ ስኮት ስኪነርን ሸክላዎች እያዳመጠ እያንዳንዱን ጌጥ በጆሮው ለቀመ። ኖታ አያነብም ነበር።

ኑሮውን ያሸነፈው ግን በቫዮሊን አይደለም። ሞንትሪያል ውስጥ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ፋብሪካም ሠርቷል። ዛሬ በዚህ ከተማም ሆነ በዋሽንግተን ዲሲ ስንት የእኛ ሰው መሪ ይዞ ያድራል፤ ከመካከላቸውም በሙያው የተመሰከረለት ሙዚቀኛ እንዳለ እናውቃለን። ስለዚህ መምህሩ «ታክሲ ነጂ ነበር» ሲሉ ሌሎቹ ተማሪዎች እንደ ተጨማሪ ወሬ ሲያልፉት እኔ አላለፍኩትም። በ1974 የካናዳ ኦርደር የተባለው የአገሪቱ ከፍተኛ የክብር ሽልማት ተሰጠው፤ በ1977 ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። የሙዚቃ አቀናባሪው አንድሬ ጋኞን ለእሱ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ከኦርኬስትራ ጋር በብቸኛ ተጫዋች የሚቀርብ ድርሰት፣ ጽፎለታል፤ ያንንም ከታዋቂው የክላሲክ ቫዮሊን ተጫዋች ከይሁዲ ሜኑሂን ጋር ሆኖ ተጫውቶታል። በመጨረሻ ዘመኑ ጆሮው እየደከመ ሄደ፣ በ1988 ዐረፈ። ማክጊል ካባ ያለበሰው ሰው ኖታ ሳያነብ፣ ክሮቹን ላ ሚ ላ ዶ ዲየዝ ላይ አስሮ፣ የተሰቀለውን ሰው ዜማ ይዞ ነው እዚያ የደረሰው። ለተማሪዎቼ ይህን ነግሬአቸዋለሁ፤ ደግሜም እነግራቸዋለሁ።

የካሪኛን አጨዋወት በድምፅ ማጉያ ተሰማልን። እዚህ ላይ መምህሩ ያደረጉት አንድ ነገር ልቤን ነካው። ካሰሙን በኋላ «ይህንን አትቅዱ» አሉ። ካሪኛን የመድረክ ሰው ነበር፤ ፍጥነቱና ጌጡ ቁጭ ብሎ ለሚያዳምጥ ነው፤ እናንተ ግን ዛሬ ማታ ለሚጨፍር ሰው ነው የምትጫወቱት አሉን። ስለዚህ ዜማውን በሁለት መልክ ተማርን፤ ለወለልና ለመድረክ።

የቅዳሜው ማታ ጭፈራ ለየብቻው እንኳ የመግቢያ ዋጋ የሚገባው ነው። ወንበሮቹ ወደ ግድግዳ ተጠጉ፤ ከሰፈሩ ሽማግሌዎች፣ ወጣቶች፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች መጡ። ሴት ካሌር ነበረች፤ ካሌር ማለት መሃል ቆሞ ለጨፋሪዎቹ እርምጃውን በዜማ የሚጠራ ሰው ነው። አራት ጥንድ አራት ማዕዘን ሠርተው ይቆማሉ፣ ይገናኛሉ፣ ይሽከረከራሉ፣ ጥንዱን ይለዋወጣሉ። እኛ ተማሪዎቹ ከመምህሩ ጀርባ በሁለት ረድፍ ተቀምጠን ተጫወትን። ከፊቴ አንዲት ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው እናት ነጭ ሹራብ ለብሰው ይጨፍሩ ነበር። ጨፋሪው ሲዞር የሚረግጥበትን ቦታ በዓይኔ እየተከተልኩ ቀስቴን በዚያ ላይ ሳበረታ፣ ሴትዮዋ አንገታቸውን ወደ እኛ መለስ አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። በእረፍት ሰዓት መጥተው «ልጄ፣ ይህን ዜማ አባቴ ማእድ ቤት ውስጥ ሲጫወተው እኛ ልጆች ጠረጴዛ ሥር ነበርን» አሉኝ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው፣ እንደገና ወደ ወለሉ ተመለሱ።

ጉድለቶቹንም ልናገር፤ ሊያርሟቸው የሚችሉ ናቸው። አንደኛ፣ ምዝገባውም ትምህርቱም በፈረንሳይኛ ብቻ ነው። ከተማው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ስለሆነ አልቀየምም፤ ሆኖም በላኖዲዬር አነጋገር በፍጥነት ሲነገር ፈረንሳይኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለተማረ ሰው ግማሹ ያመልጠዋል። እኔ አጠገቤ ያለችውን ልጅ እየጠየቅኩ ተከተልኩ። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ሞልቷል። ይህን ያህል ሰው በአንድ አዳራሽ ገና እየተቃኘ ባለ ቫዮሊን ሲጮህ ለጆሮ ከባድ ነው፤ ሁለት ቦታ ቢከፈል ይሻል ነበር። ሦስተኛ፣ ማሞቂያው እሁድ ጠዋት ዘግይቶ ተከፈተ። ቅዝቃዜ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለክርም አይስማማም፤ ማታ ተቃኝቶ ያደረው ሁሉ ወርዶ ተገኘ፣ ለማቃናት ረጅም ጊዜ ባከነ።

ኖታው የሚሰጠው እሁድ ሲያበቃ ነው። አንዳንዶች ተናደዱ፤ እኔ ግን በዚህ ከመምህሩ ጎን ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ቢሆን ኖሮ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ይውል ነበር። በዚህ ቅኝት ደግሞ ወረቀት ለዓይን ወጥመድ ነው፤ ሦስቱ ክሮች ከቦታቸው ስለተነሱ የተጻፈው ድምፅ የሚገኘው ጣት በለመደው ቦታ አይደለም። በጆሮ የያዘው ሰው ይህ አይነካውም። መምህሩ አንድ ሐረግ ይጫወታሉ፣ እንመልሳለን፣ ያስደግሙናል፣ ሁለቱን ሐረግ ያያይዙታል። ስልክ አውጥቶ መቅዳት ይፈቀዳል፤ እኔም ቀድቼ ነው የመጣሁት። ለጀማሪ ግን ይህ ዘዴ ይከብዳል፤ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያህል የተጫወተ ሰው ቢሄድ ነው የምመክረው። ሥልጠናው ለሁሉም ደረጃ ነው ብለው ማስተዋወቃቸውን ቢተዉት መልካም ነው።

ምሳው የአተር ሾርባና ዳቦ ነው፤ ሾርባው ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለበት። እሱን የማይበላ፣ ጾም ላይ ያለም ሰው፣ አስቀድሞ ቢነግራቸው ያለ ሥጋ ያዘጋጃሉ። እኔ በስልክ ነግሬ ነበር፤ ስሜ የተጻፈበት ሳህን ለብቻው ተሸፍኖ ጠበቀኝ።

ለመሄድ ያሰበ ሰው ይህን ይያዝ፦ ሁለት ትርፍ ክር፣ በተለይ ሶልና ሬ፤ ደረቅ ሶል ያለው ጫማ፤ ሁለተኛ ቫዮሊን ያለው ሁለተኛውን ቫዮሊን፣ ምክንያቱም ሰኞ ወደ መደበኛው ቅኝት ሲመለስ ክሮቹ ለተወሰነ ጊዜ አይረጉም። ውድና አሮጌ ቫዮሊን ያለው ያንን ቤት ይተወው። የትምህርቱ ማስታወቂያ በፈረንጆቹ ሐምሌ (ጁላይ) ውስጥ ይወጣል፤ ቦታው ቶሎ ስለሚሞላ በወጣበት ሳምንት መመዝገብ ይሻላል። ሜትሮው ቅርብ ስለሆነ መኪና ይዞ ፓርኪንግ ፍለጋ መዞር አያስፈልግም።

ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣቸዋለሁ፤ አንዱን ያስቀረሁት በክፍሉ መጨናነቅና በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። ለመምህሩ ብቻ ቢሆን አምስቱንም እሰጥ ነበር። የሚቀጥለው ዓመት ዜማ ላ ግሮንደዝ ነው ብለውናል፤ እሱም ቅኝቱ ተለውጦ የሚጫወቱት፣ ወፍራሞቹ ክሮች የሚያጉረመርሙበት ሪል ነው። ከተማሪዎቼ ትልልቆቹን ሁለቱን ይዤ እመዘገባለሁ።